በራሪና ቀሪ

ጣሊያን የተነሣበት ወንበር ሳይቀዘቅዝ፣
ከፊራ በር ላይ ቆመ አባቴ፣ ቀጥሮት እንግሊዝ።
በግራው ጥራዙን፣ በቀኙ ኮፒ እርሳስ፣
ምላሱ ሐምራዊ ሆነ፣ ጫፉን ሲያርስ ሲያርስ።

ለአንድ ቆርቆሮ ወተት፣ ለአንድ ቅርጫት ሽንኩርት፣
ለጨው፣ ለከሰል፣ ለጫት፤
ለግመሉ ለብቻ፣ ለጫነው ለብቻ።
በሽልንጉ ጀርባ አንበሳ ቆሟል፣
ዘውድ የለው፣ ሰንደቅ የለው፤ የማን እንደሆን ማን ያውቃል።

ሻምበሉ በርሜል ላይ ቆሞ፣
«ጦርነት ውድ ነው» አለን፣ ላቡን ጠርጎ ደጋግሞ።
«ነጻ ያወጣናችሁ በዱቤ ነው» አለ፤
አስተርጓሚው ሳቁን በሳል አታለለ።

በማግሥቱ ገበያው በሩን ጥሎ ወረደ፣
ደቻቱ አሸዋ ላይ፣ በደረቁ ወንዝ ሆድ፣ ሸራውን ጋረደ።
አጥር የለው፣ በር የለው፤ ወንዝ ቀረጥ አያውቅም፣
በሚሄድ ነገር ላይ ቲኬት አይለጠፍም።
ሙሚና ጫቷን፣
ሂቦ ከሽንሌ የግመል ወተቷን፣
እናቴም፣ የቆራጩ ሚስት፣ ሽንኩርቷን።

ስምንት ቀን አባቴ ባዶ በር ጠበቀ።
ማታ ማታ እቤት ሽንኩርት ይከተፋል፤
እሱም ዝም፣ እሷም ዝም፤ ሽንኩርቱ ያስለቅሳል።

በዘጠነኛው ቀን ሻምበሉ ከኋላ፣ አባቴ ከፊት፣
ወርደው ቆሙ ከሂቦ ወተት።
«ቁረጥ» አለችው፣ «እሺ። ግን ጀምር ከማርዳ፤
ያለብኝን ሳይሆን ያለባቸውን ዕዳ።
ሁለት ግመሎቼ ጥይታቸውን ጭነው ወጡ፣
ነጂው ልጄ፣ ሮብሌ፤ ሦስቱም አልመጡ።»

አባቴ እርሳሱን አራሰ። ጻፈ።
«ምን አለች?» ሻምበሉ።
አስተርጓሚው «ሒሳብ ነው» ብሎ አለፈ።
በራሪውን ቀዶ ለሻምበሉ ሰጠው፤
እሱም አጥፎ፣ አመስግኖ፣ ኪሱ ከተተው።

ያን ማታ እኛ ዘንድ ሰማዩ ጥርት ያለ፤ ዝናቡ ዳገት ላይ።
«ውኃ መጣ!» ሲባል ማን ሸራውን ሊያይ!
ቅርጫቱን ጎትቶ፣ ልጁን በክንድ አቅፎ፣
ገበያው ዳር ወጣ፣ ግማሹን አትርፎ።

ድል ነበር አልልም። ወደ በሩ ተመለስን፤
ቀረጡ በግማሽ ወረደ፣ በሌላ ቆራጭ።
አባቴ «ለቀቅሁ» ይላል፤
እናቴ «አባረሩት» ትላለች፣ ዛሬም ድረስ።

ጥራዙን ከሣጥኑ ሥር አገኘሁት፣ ጫፉን ምስጥ በልቶት።
በራሪው በሯል፤ ቀሪው እኔ ጋ ነው፦
ግመል፣ ሁለት።
ልጅ፣ አንድ።
«ከፋይ» ከሚለው ፊት አንዲት ሐምራዊ ነጥብ፤
እርሳሱ እዚያ ቆሞ፣
ጠብቆ፣
ጠብቆ።