ሦስት ነጥብ ጎደለ

አንትወርፕ፣ ከጣቢያው ጀርባ፣ ካሜራ በሚጠብቀው መንገድ፣
ገባች ጎደሊቭ፣ የወደቡ ድልድይ ዘበኛ፣ ኮቷ ርሶ እንደ መርከብ ገመድ፤
በኪሷ የአሥራ አንድ ዓመት ቁጠባ፣ በላስቲክ የታሰረ፤
ለራሷ ነው፤ አንድ ያጫት ነበር፣ ቀረ።

ሃስሙክ ሁለት አልማዝ አኖረ ነጭ ጨርቅ ላይ፣
ሁለቱም የምስክር ወረቀት አላቸው፤ ማኅተሙ ከሩቅ የሚታይ።
«ይሄ ሙሉ ካራት ነው፤ ይሄኛው ሦስት ነጥብ ጎደለ።
ለሦስት ነጥብ፣» አለ ሳቅ ብሎ፣ «ስንቱ ሰው ሺህ ዩሮ ከፈለ!

ወረቀት ይመሰክራል እንጂ ጣት ላይ አያበራም፤
ወደ መስኮቱ ውሰጃቸው፤ የሱቅ አምፖል ለገዢ አይራራም።»

ቆመች። ግራጫው ሰማይ ገባ በአጉሊ መነጽሩ።
ሙሉው ደብዛዛ፣ ሆዱ ጥልቅ፤ ክብደቱን የደበቀ ከሥሩ፤
ጎደሎው ግን፣ ጠርዙ ላይ የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል ነጥብ ይዞ፣
ከዚያ ደመና እሳት አወጣ፣ ሰማያዊና ቀይ መዞ።

ወገቡ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከወረቀቱ አመሳከረች፤
ዋጋውን ሁለቴ ጠየቀች፤ ሁለቴ ዝም አለች።
ሃስሙክ ቀነሰ።

«ነጥቧን የወርቁ ጥፍር ይሸፍናታል፣» አለ፣ «ማንም አያያት።»
«ተዋት፣» አለች ጎደሊቭ፤ «እኔ ልያት።»