የዱቤ ደብተር

ባሕር ዳር፣ ከጀልባው ወደብ ወደ ገበያ ስትወጡ፣
የባጃጁን ተራ አልፋችሁ፣ ወርካው ሥር ሳትቀመጡ፣
ሦስት ክንድ ናት ሱቄ፤ በሯ ሰማያዊ፣ ጣራዋ ቆርቆሮ፣
ክረምት ሲገባ የማታሰማ የደንበኛን እሮሮ።

አክስቴ ጥሩዓለም ቁልፉን ስታስረክበኝ፣
እንደ ሰው ቁጭ ብላ ብዙ አልመከረችኝ፤
ሚዛኑን ወለወለች በነጠላዋ ጫፍ፣
«ይህ ዕቃ ጆሮ የለው፤ ግን አለው ሰፊ አፍ።»
በሩ ላይ ስትደርስ ደግሞ ዞር ብላ፦
«ሕፃን ባዶ እጁን አይውጣ፤ ቅመሽው ከረሜላ።»

እኔ ትርፍ አማረኝ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ፣
«ዱቤ ዛሬ የለም፤ ነገ ይምጡ» የሚል ወረቀት ለጠፍኩኝ።
ሐምሌ ግን ዝናቡን በበሩ አስገባና፣
አጠበው ጽሑፉን፣ «የለም»ን አጠፋና፣
«ዱቤ ዛሬ» ብሎ ቀረልኝ እንደ አዋጅ፤
ያን ቀን ነው የመጣው የባሕሩ ወዳጅ።

ይዘንጋው ነው ስሙ፤ ዓሣ አጥማጅ፣ ባለ ታንኳ፣
ወረቀቱን አንብቦ ሳቀ፤ እኔ አላየሁትም እንኳ።
ናይለን ክር ወሰደ ሁለት ጥቅል፣ ባትሪ ድንጋይ አራት፣
ሳሙና፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር፤ የልጁን እርሳስ ጨምሮበት።
በደብተሬ ጻፍኩ፦ «ይዘንጋው፣ ሦስት መቶ አርባ።»
ስጽፈው ሰሙን ብቻ ነው ያየሁ፤ ወርቁ ዘግይቶ ልቤ ገባ፦
ራሴ «ይዘንጋው» ብዬ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣
እንዴት እከሰዋለሁ ቢዘነጋው ከቶ?

መስከረም ጠባ። የለም።
እምቦጩ መረቡን በላው አሉ፤
ሌሎች «ጎርጎራ ነው ያለ» ይላሉ።

ያን ሰሞን ነው ከመንገዱ ማዶ ስማቸው ሱቅ የከፈተ፤
ፍሪጅ አለው፣ የመስታወት በር፣ ሌት ብርሃኑ ያልሞተ።
የሚሻገረውን ደንበኛ ቆጠርኩ፦ አንድ… ሁለት… ዘጠኝ፤
ዓይኔ ማዶ ሲነግድ ዋለ፣ እኔ ሱቅ ውስጥ ማን ይገኝ!
አይጥ ገብታ የሩዜን ጆንያ ስትከፍት፣
እኔ የሰው ትርፍ ነበር የምቆጥረው በመስኮት።

እልህ ክፉ ነው። አንድ ማታ፣ የማላውቃት ልጅ ምስር ልትገዛ መጣች፤
አውራ ጣቴን ሚዛኑ ላይ ጣል አደረግኩ። ዝም ብላ አየች።
በማግስቱ ከማዶ ስትወጣ አየኋት፣ አንጠልጥላ ፌስታል።
ለማንም አላማችኝም። ብታማኝ በቀለለኝ፤
ጣቴ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

በጥር፣ ከጥምቀት ማግስት፣ መብራት በጠፋ ማታ፣
ጆንያ አንግቶ ገባ፤ ደጄን ውኃ ሞላው ባንድ አፍታ።
«ብር የለኝም» አለ ይዘንጋው፤ «መረቤን ጉማሬ ቀዶት ከርሞ።
ሃያ ስድስት ቆሮሶ ነው። ቁጠሪው። ከጎደለ አለሁ ደግሞ።»

ዓሣ ሌሊቱን አይታገሥም። ፍሪጅ የለኝም።
ጨው አለኝ፤ ለሃያ ስድስት ግን አይበቃኝም።
ማዶ የስማቸው ጄኔሬተር ይጮኻል።
እልሄ «ይበስብስ» ይላል፤ ዓሣው «ቶሎ በይ» ይላል።

ተሻገርኩ።
አሥር እርምጃ የማትሞላ መንገድ፣ አራት ወር ፈጀችብኝ።

ስማቸው ለስላሳውን አውጥቶ ለዓሣዬ ቦታ ለቀቀ፤
«ጨው የጠየቀኝን ሁሉ ወደ አንቺ ስልክ ነው የከረምኩ» ብሎ ሳቀ።
ለካስ የሚሄዱትን ስቆጥር ዓይኔ እስኪፈስ፣
የሚመጡትን አልቆጠርኩም፤ ማን ልኳቸው እንደሚደርስ።

ጠዋት ዓሣው ተሸጠ፤ ከዕዳውም አልፎ ተረፈ፣
ትርፉን ለይዘንጋው መለስኩ፤ ስሙም በደብተሬ ታለፈ።
አልሰረዝኩትም ግን። የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩና፣
የራሴን ዕዳ ጻፍኩ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ገና፦

«ስሟን ላላወቅኳት ልጅ፦
ምስር፤
አንድ አውራ ጣት።»