የቪልፑ ቦይ

በፊንላንድ ጫፍ፣ ሐይቁ ገና በረዶ ነው፣ የመጋቢት ማለዳ፤
ኢርሜሊ ቀዳዳ በስታ ቧንቧ ሰደደች ወደ ጓዳ።
ጓዳው ጭቃ ነው። ሲወጣ አንድ ሰው ያህላል ቁመቱ፤
በምላጭ ሰንጥቃ ስትከፍተው መስመር በመስመር ነው ፊቱ።
ነጣ ያለው የጎርፍ አፈር፣ በረዶ ሲቀልጥ የገባ፤
የጠቆረው የበጋ ትራፊ፣ ቅጠል፣ ብናኝ፣ የጥድ አበባ።
አንድ ዓመት የጥፍር ውፍረት፤ አንዳንዴም ከዚያ የሳሳ፣
ዝናብ ከከዳው ዘመን የተረፈ ቀጭን ጠባሳ።

ሽማግሌው ቪልፑ ደረሰ፤ አወለቀ ባርኔጣውን፤
«አሳዪኝ» አለ «ያባቴን ጎርፍ፣ ድርቆሻ የበላብንን።
የደብሩ መዝገብ ዝም ብሏል፤ የቀረጥ ጸሐፊውማ
‹ደህና ምርት› ብሎ ከተበ፤ እነሱ ቅርፊት ሲፈጩ፣ እሱ ከከተማ።»

በመርፌ ጫፍ ቆጠረች። ስልሳ... ሰባ... ሰማንያ ላይ ቆመች፤
የአውራ ጣት ያህል ነጭ ሰንበር።
«ይኸውልህ» አለች።

የቪልፑ ዓይን ግን ሌላ ጋ ነው፤ ከዚያ በላይ፣ ቀረብ ሲል፣
እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ባለቤት ያጣ የሚመስል።
«ይሄስ?»
«ከረግረጉ ነው። ያኔ ሰው ቦይ ቀዶ አፈሰሰው፤
ውሃው ሲሸሽ ብስባሹ ደርቆ፣ ዝናብ ጠርጎ እዚህ አደረሰው።»

ዝም አለ። መዳፉን አየ፤ አካፋ የላጠውን ዕለት፣
በቀን ሃያ ክንድ ሲቆፍር፣ መንግሥት በሜትር ሲከፍልበት።

«እሱን እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ኢርሜሊ መልስ አልነበራት። ከቧንቧው አፍ የዘንድሮው፣ ገና ያልረጋው፣ እንደ ሾርባ፣
በጣቶቿ መሃል ሾልኮ ወደ ቀዳዳው ተመልሶ ገባ።