ጎን ለጎን

አራት ኪሎ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣
ከሐሙስ ጀምሮ አንዲት ብልቃጥ ስጠብቅ።
ስሟ አርባ ሦስት ነው፤ ሌላ ስም አልወጣላት፤
መሃሏ መዳብ ነው፣ አራት እጅ የያዛት።
አርባ ሁለት እህቶቿ መዝገብ ላይ ቀርተዋል፦
አንዷ ውሃ ሲነካት ትፈርሳለች ይላል፣
አንዷ አልሟሟም ብላ ከሥር ዘቅጣለች፣
አሥራ ሰባተኛዋ ካንሰሩን ፈጅታለች፣
ጤነኛውን ሴልም አብራ አንድዳለች።
ለትኋን ብሎ ቤቱን እንዳቃጠለ ሰው፣
በማግስቱ ሳህኑን ሳይ፣ ባዶ ነው።

አባቴ ወርቅ ሠሪ ነበር፣ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፤
ሠፈሩ ሲፈርስ ሱቁም ሄደ አብሮ ወዲያ፤
ወናፉን ታቅፎ ገባ፣ አልጋ ሥር ከተተው።
ቀለበቱ ሲያምር፣ «ጠቢብ እኮ ነው!»
ሕፃን ሲያተኩሰው፣ «ጠይብ አይቶት ነው።»
እኔም ልጅ ሳለሁ፣ የምሳ ሰዓት ሲደርስ፣
ምሳ ዕቃ ይከደን ነበር ዓይኔ ወዲያ ሲመለስ።

ቡዳ ሰው ይበላል አሉ።
ሰው የሚበላውን አየሁት፣ በማይክሮስኮፕ፣ ከነአመሉ፤
ዓይን የለውም።
ማንንም አይቶ አያውቅም።
ይከፈላል ብቻ፤ ይበቃኛል አይልም።

ስንቅነሽ፣ ሃያ ዓመት ሚዛን የያዘችልን፣ ግራም የማታዛባ፣
ጥቁር አንበሳ ተኝታለች፣ ፕላቲነም በክንዷ ሲገባ።
«አፌ ውስጥ ሳንቲም አለ፣ የድሮው ስሙኒ» ትላለች፣
«ሽሮውም ሳንቲም፣ ውሃውም» ምራቋን ትውጣለች።
አባቴ ሎሚ እየቆረጠ፣ «ከወርቅ የሚወደድ አጠጡሽ፤
ከዚህ ስትወጪ በግራም ነው የምንሸጥሽ!»
ሳቀች። ከዚያ ጎድጓዳ ሳህን አቀረብንላት።
ነርሷ ሽንቷን ለክታ ቁጥሩን ጻፈችላት፤
ኩላሊቷ ነው የሚያስፈራው።
ሰው መድኃኒት ይሰጡታል፣ መድኃኒትም ያደርጉበታል፤
ቃሉ ያው ነው።

ማታ መብራት ጠፋ። ለአባቴ በሻማ አስረዳሁት፦
«መሃል ላይ ፕላቲነም አለ፣ አራት ጎረቤት ያሉት፤
ሁለት አሞኒያ፣ ሁለት ክሎሪን።
ክሎሪኖቹ ከቆሙ ጎን ለጎን
መድኃኒት ነው።
ማዶና ማዶ ሲቆሙ ግን፣
ያው አቶም፣ ያው ክብደት፣ ምንም አይፈይድም።»
ዝም አለ። ቆይቶ ሽቦ ፈለገ፣ በጉጠት ጠመዘዘ፣
አራት ጥርስ አወጣ፣ የሹራቤን ቁልፍ መሃሉ ላይ ያዘ።
«ፈርጥ የትም ይገዛል» አለ፣ «ሙያው ጥርሱ ነው፤
ከላላ ታክሲ ውስጥ ይጥላል፤ ከጠበቀስ ማን ሊያወጣው?»
«የኔው፣ ደም ውስጥ ሳለ ማንም አይፍታበት፤
የታመመው ሴል ቤት ሲደርስ ግን መውደቅ አለበት።»
«ሌላ ቤትስ?»
«ሌላ ቤት አያንኳኳ።»
ሽቦውን ወደ ሻማው አስጠግቶ አዟዙሮ ለካ፤
«ይህን ያህል የሚያውቅ ጥርስ ሠርቼ አላውቅም» አለኝ።
አዘነልኝ መሰለኝ።

ዛሬ ጠዋት የብልቃጧ ግድግዳ ላይ ሦስት መርፌ በቅለዋል፤
አረንጓዴ ናቸው፣ ከሽፋሽፍት ይቀጥናሉ፣ ብርሃን ሲያገኛቸው ይሰበራሉ ያሰኛል።
አልጮህኩም።
ክሪስታል መድኃኒት አይደለም።
ከዚህ ጠረጴዛ እስከ ሰው ክንድ አሥር ዓመት ነው፣ አሥራ አምስት፤
ከዚህ እስከ ጥቁር አንበሳ ግን፣ በፒያሳ ዞሮ፣ በቸርችል ቁልቁለት፣
በእግር ግማሽ ሰዓት።
ስንቅነሽ በሁለቱ መሃል ተኝታለች።
ሎሚ ገዝቼ ልሄድ ነው።

ትነቱ እንዲዘገይ አፏን በፎይል ከደንኩላት፣
በመርፌ ወግቼ አንዲት ቀዳዳ ተውኩላት።
ጠርዙን ስጫነው ያ ምሳ ዕቃ ትዝ አለኝና
ፊቴን መለስኩ።
«አላየሁሽም» አልኳት።
«እደጊ።»