ከሥሯ ተኝቼ

ማታ ቀጥ ብላ ነው ያቆምኳት ከደጄ፤
ጠዋት እንደ ግመል በርከክ ብላ ጠበቀችኝ፣ ቁልፏን ይዤ በእጄ።
የጎረቤቴ ውሻ አሸተታት መጥቶ፣
ሄደ የፊት ጎማዋን በሽንቱ አጠጥቶ።

ሴራን ነው ከተማው። ስሙ ላይ ሴራ አለ፤
ብረት ማቅለጫው ከተዘጋ ቆየ፣ ጭስ ማውጫው ብቻ ሰማይ እንደነካ አለ።
ወንዙን ሙዝ ይሉታል፤ ለምን ብዬ አልጠየቅሁ፣
በማይላጥ ሙዝ ዳር አሥራ ስድስት ዓመት አውቶቡስ ስነዳሁ።

ሻጯ የውል አዋዋይ ሚስት ነበረች፣ ባሏ የሞተባት፤
ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ዩሮ ቆጥሬ ሰጠኋት።
ቁልፉን ስታቀብለኝ እንባ አልነበረም፤ እፎይታ ግን አየሁባት።
ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ወንበሯ ቆዳ ነው፣ እንደ በጋ መሬት የተሰነጣጠቀ፣
የሟቹን ጀርባ ቅርጽ ዛሬም ያልለቀቀ።
እንጨቷ ያብለጨልጫል፣ ሰዓቷ ግን ቆሟል፤
ዳሽቦርዱ ላይ አንዱን ቢጫ መብራት ሳጠፋው ወንድሙ ይለኮሳል።

ስመኝ፣ ሚስቴ፣ ደረሰኝ ታጉራለች በብስኩት ቆርቆሮ፤
ትናንት አልከደን አለ፣ ጠግቦ እስከ ጉሮሮ።
«ይህ ሁሉ ገንዘብ» አለች «ለኔ ጥርስ ቢሆን
በወርቅ አስለብጠኸኝ ነበር።» ምን ልበላት? እውነቷን።

ግን ተክለሃይማኖት፣ ጋራዥ ውስጥ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቴ
የዚችን ታላቅ እህት አጠብኩ፣ ረጥቤ እስከ አንገቴ።
ውስጧን ልወለውል በሩን ከፈት ሳደርግ
«በዚያ ሱሪህማ እንዳትቀመጥ!» አለ ሹፌሩ፣ «ቁም፣ አደግድግ!»
አደግድጌ ቆሜ፣ እጄን ብቻ ሰድጄ ወለወልኩኝ፤
ዛሬ ባለቤቷ ነኝ፤ ይኸው ከሥሯ ተኛሁኝ፣
ካርቶን አንጥፌ፣ ዘይቷ ግንባሬን እየቀባኝ።

ካሎጀሮ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጋራዡ ከባቡር ድልድዩ ሥር፤
አባቱ ከሲሲሊ መጥቶ ከሰል ቆፋሪ ነበር።
የኔ ፈረንሳይኛ የአውቶቡስ ነው፦ «ቲኬት»፣ «ይቅርታ»፣ «ወደ ኋላ ጠጋ»፤
ስለ ሞተር ላወራው ስል ምላሴ ተዘጋ።
ጣቴን ቀስሬ «ቺንጊያ» አልኩት። ዞር አለ።
«ካምቢዮ» አልኩ። «ማርሚታ»። «ፍሪሲዮን»። መፍቻውን ከእጁ ጣለ።
«ጓርኒሲዮን!» አለ እሱ። «ጓርኒሲዮን።» «ካንዴላ!» «ካንዴላ!»
እንደ ሁለት የቄስ ተማሪ ፊደል ቆጠርን ከኮፈኑ ኋላ።
ቃሉ በየትኛው መኪና ተጭኖ አገሬ እንደገባ
እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም አላነሳሁ፤ ክሪኩን ከሥሯ አስገባ።

በሦስተኛው ቅዳሜ የአየር ከረጢቶቿን ቀየርን።
ኮምፕረሰሩ አጉረመረመ፤ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ያዝን።
ቀስ ብላ ተነሳች፣ የኋላዋን አስቀድማ፣
ጭቃዋን አራግፋ፣ ግርማዋን ተሸክማ።
ካሎጀሮ ቆቡን አወለቀላት።
እኔም ልነሳ ስል ጉልበቴ ቋ አለ፤
«የዚህ መለዋወጫ» አለኝ እየሳቀ «ካታሎግ ላይ የለ።»

ማክሰኞ ለቦሎ ወሰድኳት። ጭሷን የለካው ልጅ
አንገቱን ነቀነቀ፣ ወረቀት ሰጠኝ፤ ቀጠሮ እንጂ
ማለፍ የለም። አሥራ አምስት ቀን።

ትናንት ማታ ከሥራ መጣሁና በሯን ከፈትሁ፣
ዘይት በጠጣው ሱሪዬ፣ እንዳለሁ፣ ተቀመጥሁ።
ሞተር አላስነሳሁም። መብራት አላበራሁም።
ከሟቹ ጀርባ ጉድጓድ ውስጥ ጀርባዬን አስገባሁ፤
ይጠበኛል።
ከዚያ ከግራ በኩል፣ ከፊት፣ ቀጭን ፉጨት ሰማሁ፣
ሰው ተኝቶ በአፍንጫው እንደሚተነፍስ ያለ፤
መንገዱ በመስኮቱ ትንሽ በትንሽ ከፍ አለ፣
የጎረቤቴ አጥር፣ የቆሻሻው በርሜል፣ የፋኖሱ እግር፤
እኔ ነኝ የምወርደው፣ ከሷ ጋር።

ስመኝ መስታወቱን አንኳኳች።
«እራት» አለች።
«መጣሁ» አልኳት፤ ግን እስክትበረከክ ጠበቅሁ።