የምትዞረው ሰሌዳ

በዚህች የጃፓን ወደብ፣ ከባሕሩ አፋፍ ላይ፣
አሥራ ስምንት ቤቶች ነን፣ ተደርድረን ስንታይ።
የምታገናኘን ነገር አንዲት ቀጭን ሰሌዳ፣
ወረቀት ነክሳ ትዞራለች፣ ሳትለይ ዘመድ ከባዳ።
አንብበህ፣ ከስምህ አንጻር፣ ቀይ ማኅተም ታኖራለህ፤
ከቀጣዩ ደጅ አስደግፈህ፣ አንኳኩተህ ትመለሳለህ።

የቦይ ጠረጋው እሑድ ነው። የጠፋች ድመት አለች።
የአሥራ አንደኛው ቤት አሮጊት ጎመን ተርፏት ትሰጣለች።
ይኸው ነበር ወሬዋ።

እኔ ዘጠነኛው ቤት ነኝ። መረብ እጠግናለሁ።
ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ፤ ዛሬም «አዲሱ» እባላለሁ።

ወረርሽኙ የገባ ዓመት ወረቀቱ ተለወጠ፦
እጅ ታጠቡ። መስኮት ክፈቱ። አፍና አፍንጫ ይሸፈን።
ይህንኑ ሬዲዮም ብሎ ነበር፤ ሹሙም፣ ክራቫት አስሮ።
ሰማነው። ከመስማት አላለፈም።
ግን ከወረቀቱ ግርጌ፣ በእርሳስ፣ በሺዙኤ እጅ፣
(አርባ ዓመት ያስተማረች፣ የማታውቀው የለም ልጅ)
«ጨርቅ ቀድጃለሁ፤ ጭምብል የሌለው ቤት ይንገረኝ»
የሚል አየሁ። «እኔ» ብዬ ጻፍኩ።
በማግስቱ ከደጃፌ ሁለት ጭምብል ጠበቀኝ።
ልክክ አለ። ጆሮዬ ሰፊ፣ ፊቴ ጠባብ መሆኑን
ስድስት ዓመት ሳንነጋገር አይታለች ለካ ሁሉን።

የኩራሞቺ ልጅ ከኦሳካ የገባ ለት፣ በሌሊት፣
ጠዋት በሩ ላይ ተገኘ ስም የሌለው ወረቀት፦
«ተመለስ»።
አንድ ቃል። ጽሕፈቱ ያማረ።
ሁላችን አለፍን፣ አየን፤ ማንም እጁን አልሰነዘረ
ሊገነጥለው። እኔም ያው።
በአምስተኛው ቀን የነቀለው ዝናብ ነው።

በየካቲት ሰሌዳዋ ሰባተኛው ቤት ቀረች።
አንድ ቀን። ሁለት ቀን። ስምንተኛዋ ሺዙኤ ቆጠረች።
እኔ ከእሷ ቀጥሎ ነኝ፤ መቅረቷንም አላየሁ።
የምትመጣ ከሆነ ትመጣለች፤ መረቤን እጠግናለሁ።
በሦስተኛው ቀን አሮጊቷ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች፤
የቶኩጂን መስኮት በምርኩዟ ጫፍ መታች።
ወለሉ ላይ ነበር። ግንባሩ የጋለ ምጣድ።
ስልኩ ከራስጌው፣ ባትሪው ሙሉ።

ከሆስፒታል ሲወጣ «ምነው ሳትደውል?» ስንለው፣
ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ፣ ቀስ ብሎ ነው የመለሰው፦
«ፈራሁ» አለ፣ «ያ ወረቀት
ወደ እኔ በር እንዳይመጣ»።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር፣ ሲባል እሰማለሁ።
ስለታሰረው አንበሳ ማንም ሲጠይቅ አልሰማሁ።
ክሩን በእጄ አውቀዋለሁ፤ ዓሣ የሚይዘው ቋጠሮ
የጠላቂንም ቁርጭምጭሚት ይይዛል፣ በዚያው ተቋጥሮ።

ክትባቱ ሲመጣ፣ የቀጠሮው ስልክ ቀኑን ሙሉ «ተይዟል» ሲል፣
የፀጉር አስተካካዩ ልጅ ናጊሳ፣ ከአባቷ ወንበር ላይ ሆና፣
አሥራ አራት ሽማግሌ አስመዘገበች በጣቷ።
ሂሮሞቶ፣ ያ ግትር፣ «መርፌውን አላምነውም» አለ፤
«ናጊሳን ግን አምናታለሁ» ብሎ እጅጌውን ጠቀለለ።

ከዚያ ወዲህ ነው ሰሌዳዋ ላይ አዲስ ዓምድ የተሰመረው፣
«ብታመም የምጠራው ሰው» የሚል፤ አላውቅም ማን እንዳሰመረው።
ከእኔ በፊት ያሉት ሞልተዋል። ቶኩጂ፦ ሺዙኤ።
ሺዙኤ፦ ቶኩጂ (እሱ እንኳ መራመድ ሳይጀምር)።
አራቱ ቤት፦ ናጊሳ።
የእኔ ሣጥን ባዶ። እርሳሱ ተንጠልጥሎ በክር።

ጻፍኩ። ፋቅኩ። መልሼ ጻፍኩ፦ ኩራሞቺ።
እንዲህ ያለ ነገር ግን ሰው ሳይጠየቅ አይጻፍም።
ሰሌዳዋን ይዤ ወጣሁ፣ ወደ አሥረኛው ቤት ሳይሆን፣
ወደ ታች፣ ተራውን ስቼ፣ አራተኛው ቤት እስኪሆን።

የሙጫው ምልክት በሩ ላይ አለ፣
አራት ማዕዘን፣ ከእንጨቱ ነጣ ያለ።
አንኳኳሁ።