ስልክ ያዡ

እኔ ጊታር አልመታም፣ ድምፄም ለዜማ አይመች፤
ስልክ ነው የምይዘው፣ ክንዴ ዝሎ እስኪሰለች።

አራት ናቸው እነሱ።
ኢፍቱ፣ ቀፊራ ቀኑን ሽንኩርት ስትመዝን የዋለች፣
ማታ ጉሮሮዋን እንደ ፋብሪካ ጡሩምባ የምትከፍት፤
ሮብሌ፣ ቤዙን እንደ ግመል ገመድ ዝግ ብሎ የሚጎትት፤
ነጂብ፣ የባጃጁን የሦስት ወር ገቢ ለአንድ ማጉያ የማገደ፤
መክብብ፣ ድራም፣ የጡረተኛው የባቡር ፍሬነኛ ልጅ።

"ፉርጎ" ይባላሉ። ስሙን ያወጡት እኒያ አባት ናቸው፣ ሳያውቁት፣
በር ላይ ቆመው "ይሄ ጩኸት ምንድነው አቦ!
ጎታች የሌለው ፉርጎ!" ያሉ ለት።

ከለገሃር ጀርባ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ነው ልምምዱ፤
ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ እኛ ላይ ይተፋል ክዳኑ።
ድሬ ላይ ስልክም ያተኩሰዋል።
ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጠቁሮ "ሞቆኛል፣ አሳርፉኝ" ይላል፤
ሮጬ ውሃ ሻጯ ዘንድ፣ ከበረዶው ሣጥን፣
ከጠርሙሶቹ መሃል አስተኛዋለሁ እንደ ሕፃን።

የመጀመሪያውን ቪዲዮ አሥራ አንድ ሰው አየው።
አራቱ ራሳቸው፣ አምስተኛው እኔው፤
ስድስተኛዋ አክስቴ፣ "ልጆች፣ ትንሽ ቀስ በሉ" ያለችው።
የቀሩትን አምስቱን እንደ ቤት ልጅ አወቅኳቸው፦
ጅጅጋ ያለ የጥርስ ሐኪም፤
ሐረር ያለች፣ ፊቷን በአበባ ሥዕል የጋረደች፤
ሁለት ወንድማማቾች ከሳቢያን፣ ይሰድቡናል፣ ግን አይቀሩም፤
እና አንድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ "የደወሌው" የሚባል፣
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ጅቡቲ መንገድ ዳር ቆሞ
አንዲት ቃል ብቻ የሚጥል፦
"ድገሙት።"

እኛም ደገምነው። በየሳምንቱ። አሥራ አንዱ ሠላሳ ሆነ፣
ሠላሳው ሰማንያ ላይ ደርሶ እንደ አህያ ገገመ።
ሰው መሰብሰብ ደቻቱን እንደ መጠበቅ ነው፦
ዓመቱን አሸዋ፣ ግመል የሚያቋርጠው፤
ከዚያ አንድ ሌሊት፣ አንተ ባላየኸው ዝናብ፣ ከማታየው ተራራ...
ተዉት። ድሬ ላይ በጎርፍ አይመሰልም።
ያለቀሰ ሰው ደጅ ነን። ቃሌን አንሥቻለሁ።

አንድ ሐሙስ፣ ዘፈኑ መሃል፣ መብራት ሄደ።
ጊታሩ ሞተ። ቤዙ ሞተ። ማይኩ ሞተ።
መክብብ ብቻ ቀረ፤ ድራም መብራት ኃይልን አይለምንም።
ኢፍቱ አላወቀችም፣ ወይ አውቃ ናቀችው፤
ዓይኗን እንደጨፈነች ቀጠለች፣ በባዶ አንገቷ።
ነጂብ ወጥቶ የባጃጁን መብራት በበሩ ለቀቀባት፤
ግድግዳው ላይ ጥላዋ ከእሷ ሦስት እጥፍ ነበር።
እኔ ስልኩን አላወረድኩም። እጄ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፣
ቪዲዮው ላይ ይታያል።
ሰዎች "አቀራረጹ ልዩ ነው" አሉት።
ፍርሃት ነው እንጂ።

ጠዋት፣ አርባ ሺህ።
"አርባ ሺህ?" አሉ ፍሬነኛው መነጽራቸውን አውልቀው፤
"እና የትኛው ፌርማታ ነው የሚወርዱት?"

ቅዳሜ፣ ከዚራ፣ አንድ ግቢ ዛፎች ሥር
ሁለት መቶ ወንበር ተከራየን።
አሥራ ዘጠኝ ሰው መጣ።
አክስቴ፣ ጆሮዋን በጥጥ ደፍና።
ሐኪሙ፣ ከጅጅጋ፣ ሸሚዙ አቧራ ለብሶ።
ሁለቱ ተሳዳቢዎች፣ ከፊት ወንበር፣ እንደ ሙሽራ ቤተሰብ።
አበባዋ ልጅ፤ ፊት እንዳላት ያኔ አየሁ።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ከአጥሩ ውጭ ጥሩምባ ጮኸ፤
የመኪናው ግንባር ከአጥሩ በላይ ታየ።
ሰውየው ሽርጥ ታጥቆ ገባ፣ ሲሚንቶ እቅንድቡ ላይ፣
ማጉያው ፊት ለፊት ተቀመጠ፣
እና እንቅልፍ ወሰደው።
ያ ሁሉ ነጎድጓድ፣ ያ ሁሉ ብረት ጆሮው ሥር፣
እሱ አፉን ከፍቶ፣ እንደ ልጅ።
ዝም ስንል ነው የነቃው።
ዙሪያውን አየ፣ አፈረ፣ እቅንድቡን ጠረገ፣
"ድገሙት" አለ።

አርባ ሺሁ እስከ ዛሬ ይጠይቁኛል፦ የቅዳሜው የት አለ?
የለም።
ስልኩ አተኩሶት ነበር።
በረዶው ሣጥን ውስጥ ተኝቷል ብዬ ረሳሁት።